ጽፌ እሰርዘዋለሁ፤ ስስታም ነኝ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ይኸው፤ ጥቂት አሳጥረነዋል።

«ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የምኖር ፋርማሲስት ነኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆሜ ለአንድ ሰው ሳስረዳ ሰዓቱ መሄዱን አላውቅም። ብዙ ሰው ባለበት ግን አልችልም። የልጆቻችን ትምህርት ቤት ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። በቀደም አንዲት እናት ሕፃን ልጇን እንደሚያስቀምጠው ጻፈች። ኦ አር ኤስ ገዝታለች፤ እንዴት እንደምትበጠብጠው ጠየቀች። አንድ አባት ‹በግማሽ ሊትር ሃይላንድ በጥብጪው፣ ወፈር ሲል ቶሎ ይሠራል› ብሎ መለሰላት። ስሕተት ነው። ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ። እንደገና ጻፍኩ። ‹አንቺ ማን ነሽ ቢሉኝስ? እኔስ የሳትኩት ነገር ቢኖር?› እያልኩ ስሰጋ እናትየዋ ‹አመሰግናለሁ› ብላ ወሬው ወደ ሰርቪስ ክፍያ ዞረ። ማታ በውስጥ መስመር ጻፍኩላት። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ደግሞ ቲክቶክ ላይ በየቀኑ ስለ መድኃኒት ታወራለች፤ ብዙ ተከታይ አላት። የምትለው ሁሉ ትክክል አይደለም፤ ግን ትናገራለች። ታናሽ እህቴ ይህን ስነግራት ‹አንቺ እኮ እውቀትሽን የምትደብቂ ስስታም ነሽ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ተፈጥሮዬ ነው ወይስ ራስ ወዳድነት? ራሴን አስገድጄ እንደ ጓደኛዬ መሆን አለብኝ? — ዝምተኛዋ»

ውድ እህቴ፣

ስለ ራስሽ ብዙ ከባድ ነገር ጽፈሽ ዋናውን ነገር በአንድ መስመር አለፍሽው። «ማታ በውስጥ መስመር ጻፍኩላት» ብለሻል። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ውለሽ ቤት ገብተሽ፣ የዚያችን እናት ስም ከግሩፑ ውስጥ ፈልገሽ አስረዳሻት። ማንም አላየሽም፤ ማንም «ጎበዝ» አላለሽም። ስስታም ሰው እንዲህ አያደርግም። እህትሽ የሰጠችሽን ስም ወደ ጎን አድርጊው።

እውቀትን መደበቅ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። ካትሪን ኮኔሊ የምትባል ካናዳ የምትሠራ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጽፋለች። ሰው ተጠይቆ እውቀቱን ሲደብቅ በሦስት መንገድ ነው ይላሉ። አንዱ እያወቀ «እኔ እንጃ» ይላል። ሌላው «እሺ፣ እልክልሃለሁ» ብሎ ይጠፋል፤ ወይም እዚህ ግባ የማይባል ነገር ሰጥቶ ይገላገላል። ሦስተኛው «ብነግርህ ደስ ባለኝ፤ ግን አልተፈቀደልኝም» ይላል። ሦስቱንም በየመሥሪያ ቤቱ እናውቃቸዋለን። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ሥራውን እንዲያሳየው ሲለምነው፣ ስክሪኑን ዞር አድርጎ የሚጫን ሰው አንቺም ሳታዪ አልቀረሽም።

በአገራችን የዚህ ነገር የቆየ መልክም አለ። ብዙ የባህል ሐኪሞች የቅጠሉንና የሥሩን ምሥጢር ለአንድ ለሚያምኑት ልጅ ብቻ ነው የሚነግሩት። ልጁ ከተማ ገብቶ ሌላ እንጀራ ከያዘ፣ ወይም አባት ሳይናገር ከሞተ፣ በብዙ ትውልድ የተጠራቀመው እውቀት አብሮ አፈር ይገባል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ግን መተዳደሪያቸው ስለሆነ ምክንያታቸው ይገባኛል። አንቺ ግን የምትሰስቺለት ነገር የለሽም። የኦ አር ኤስን አበጣበጥ ደብቆ የከበረ ሰው የለም።

ታዲያ ምን ያዘሽ? «ተፈጥሮዬ ነው?» ላልሽው፣ በከፊል አዎ። የሥነ ልቦና ሰዎች የሰውን ባሕርይ በአምስት ትልልቅ መለኪያዎች ያዩታል። ከሰው ጋር መቀላቀልና መጫወት ምን ያህል ይወዳል? ለሰው ምን ያህል ያስባል? በሥራው ምን ያህል ጥንቁቅ ነው? ለአዲስ ሐሳብ ምን ያህል ክፍት ነው? ስጋትና ጭንቀት ምን ያህል ያጠቃዋል? መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በሰዎች መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። የቀረው ከኑሮ የሚመጣ ነው። ደግሞም ባሕርይ እንደታተመ አይቀርም፤ ዕድሜ ሲገፋ አብዛኛው ሰው እየተረጋጋና እየጠነቀቀ ይሄዳል።

አንቺ «ዝምተኛ ነኝ» ስትዪ ከእነዚህ ሦስቱን ቀላቅለሽ ነው የምታወሪው። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ እንለያያቸው።

የመጀመሪያው ዝምታው ራሱ ነው። ብዙ ሰው ባለበት ትደክሚያለሽ፤ ከአንድ ሰው ጋር ስታወሪ ደግሞ ትበረቻለሽ። በዚህ ምንም ጥፋት የለም፤ አትቀይሪው። እንዲያውም መጻፍ ለዝምተኛ ሰው የተመቸ ነው። ፊት የለ፣ ጩኸት የለ፣ ተራ የሚሻማ የለ። በጊዜሽ ታስቢያለሽ፣ በጊዜሽ ትጽፊያለሽ። ዝምታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቺን መልእክት አስፍረሽ ትልኪያት ነበር።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። እኛ ይሉኝታ የምንለው። «አንቺ ማን ነሽ ቢሉኝስ?» ያልሽው እሱ ነው። ጆን ሱለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2004 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ልጓሙ ይላላል። ስሙ አይታወቅም፣ ፊቱ አይታይም፣ መልሱን ወዲያው አይሰማም። ለብዙ ዓይን አፋሮች ይህ ነፃነት ነው። ያንቺ ግሩፕ ግን እንዲህ አይደለም። ሁሉም በስሙ፣ በፎቶው ነው። የጻፍሽውን ያነበቡትን ሰዎች ጠዋት ልጅ ስታደርሺ በር ላይ ታገኛቸዋለሽ። ስለዚህ «ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ሲደፍር እኔ ብቻ» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ያለሽው የሰፈር ስብሰባ ላይ ነው፤ ስልክ ውስጥ ገባ እንጂ።

ፍርሃቱ ግን ከእውነቱ ይልቃል። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎችን የሚያሳፍር ፎቶ ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ስንቱ ሰው እንዳያቸው ሲጠየቁ ግማሽ ያህሉ ያየን መሰላቸው። በእርግጥ ያየው አንድ አራተኛ ገደማ ነበር። በዚያ ግሩፕም እንዲሁ ነው። አንቺ መልእክትሽን አሥር ጊዜ ታነቢዋለሽ፤ እነሱ አንዴ አንብበው ወደ ሰርቪስ ክፍያው ያልፋሉ።

ሦስተኛው ጥንቃቄሽ ነው። «የሳትኩት ነገር ቢኖር?» ብለሽ የሰጋሽው። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ የሙያሽ ግዴታ ነው። መድኃኒት ከመስጠትሽ በፊት ስሙን፣ መጠኑን፣ ቀኑን ደጋግመሽ የምታዪ ሰው ነሽ። ኩርት ማትዝለርና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አጥንተው ያገኙት፣ ለሰው የሚያስቡ፣ ጥንቁቅ የሆኑና ለአዲስ ሐሳብ ክፍት የሆኑ ሰዎች እውቀታቸውን ይበልጥ እንደሚያካፍሉ ነው። ሦስቱም ካንቺ የራቁ አይመስሉኝም። ያንቺ ችግር ጥንቃቄሽና ስጋትሽ አብረው መምጣታቸው ነው። ጥንቃቄው «አንዴ አረጋግጪ» ይላል፤ ስጋቱ ያን ሰበብ ይዞ «ተይው» ይላል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። የሚያረጋግጥ ሰው ይዘገያል፤ የማያረጋግጥ በደቂቃ ይጽፋል። ከዚያ ገጹን የሚሞላው ማን እንደሚሆን አንቺው አይተሽዋል። ባሕላችንም ያግዘዋል። «ሙያ በልብ ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። የሚናገር ሰው «ልታይ ልታይ ይላል» ይባላል። ይህ ምክር ለጉረኛ ጥሩ ነው። ልጅ ታሞ እናት ስትጠይቅ ግን ሙያ በልብ ሊቀር አይገባም።

በሚቀጥለው ጊዜ ጣትሽ ሊሰርዝ ሲል ሁለት ነገር ራስሽን ጠይቂ። «ስሜ ባይታይ እልከው ነበር?» አዎ ካልሽ፣ የያዘሽ ይሉኝታ ነው፤ ላኪው። «መቶ በመቶ እርግጠኛ ብሆን እልከው ነበር?» አዎ ካልሽ፣ የያዘሽ ጥንቃቄ ነው፤ ፓኬቱን ወይም መመሪያውን አውጥተሽ እዪና ከዚያ ላኪው። ለሁለቱም አይሆንም ካልሽ ምናልባት ደክሞሽ ነው፤ ተይው፣ ነገም ቀን ነው።

«በውስጥ መስመር ከነገርኳት አይበቃም ወይ?» ትዪ ይሆናል። ለእናትየዋ በቅቷል። ዴንማርካዊው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ ያኮብ ኒልሰን በ2006 እ.ኤ.አ. ስለ ኢንተርኔት ማኅበረሰቦች የጻፈው ነገር ግን አለ፦ ከ100 ሰው 90 ያህሉ አንብበው ብቻ ያልፋሉ፤ 9 አልፎ አልፎ ይጽፋሉ፤ አብዛኛውን የሚጽፈው አንድ ሰው ነው። ቁጥሩ እንደየቦታው ከፍ ዝቅ ይላል። እንግዲህ «በግማሽ ሊትር ሃይላንድ» የሚለውን ያነበቡት ሁለቱ ብቻ አይደሉም። አንድም ቃል ያልጻፉ ብዙ እናቶችና አባቶች አንብበውታል። አንዷ ከወር በኋላ ልጇ ሲያመው ታስታውሰዋለች። ያንቺን እርማት ግን አላዩትም።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ። በእንግሊዝኛ አንድ ፋርማሲስት ዝም ቢል ሌላ ሺህ አለ። በአማርኛ አንቺ ዝም ስትዪ ቦታሽን የሚይዘው ያ «ወፈር ሲል ይሠራል» ያለው ሰው ነው። እሱም ክፉ ሰው አይደለም። ሊረዳ ፈልጎ ነው፤ ከአንቺ የሚለየው ስላልሰጋ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሰውን ማረም የሚከብድሽ ማሳፈር ስለማትወጂ ይመስለኛል። ሳታሳፍሪም ይቻላል። «ተሳስተሃል» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ ብትዪስ፦

«ወንድሜ እንዳለው ኦ አር ኤስ ቶሎ መጀመሩ ጥሩ ነው። የውኃው መጠን ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ፋርማሲስት ነኝ። በአገራችን የተለመደው አንድ ፓኬት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን እዩ። ከወፈረ ጨው ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳዋል። በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉና አዲስ በጥብጡ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ በጣም ከደከመ ወይም ሰገራው ደም ካለው ሳትቆዩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።»

በቃ፤ ይሄው ነው። ንግግር አይደለም፣ ቪዲዮ አይደለም። በመስኮቱ በኩል ለአንድ ሰው የምትዪውን ነው የጻፍሽው። ስትጽፊ ያቺን አንዲት እናት አስቢ፤ ግሩፑን እርሺው። «ፋርማሲስት ነኝ» የምትለዋን ደግሞ አትተዪያት። ጉራ አይደለችም። አንባቢው የማንን ቃል እንደሚያምን ማወቅ አለበት።

ድንበርሽንም አስቀድመሽ ለይው፤ ይህ ፍርሃትሽንም ይቀንስልሻል። መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ በኩሽና ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በመጣው መለኪያ እንደሚለካ፣ ለተራ ጉንፋን አንቲባዮቲክ እንደማይሠራ፤ ይህን ሁሉ ለሁሉም መንገር ትችያለሽ። «ልጄ ይሄ ይሄ ምልክት አለው፣ ምን ልስጠው?» ለሚል ግን ግሩፕ ላይ መድኃኒት አትዘዢ። «ሳይታይ መናገር አይቻልም፤ ሐኪም ይየው» ማለት ሙሉ መልስ ነው። የማታውቂው ሲመጣም «ይሄን አላውቅም» በዪ። ጥንቁቅ ሰው «አላውቅም» ሲል ሰው የቀረውን ይበልጥ ያምነዋል።

ራስሽን ማስገደድ ይኖርብሻል ወይ? ብራያን ሊትል የሚባል ካናዳዊ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር አለ። ተማሪዎቹ የሚወዱት፣ መድረክ ላይ እሳት የሆነ መምህር ነው። በተፈጥሮው ግን በጣም ዝምተኛ ነው። ንግግር ጨርሶ ሰው እንዳያዋራው ሽንት ቤት ገብቶ ይደበቅ እንደነበር ራሱ ይናገራል። ሰው ለሚወደው ነገር ሲል ከተፈጥሮው ወጣ ብሎ መሥራት እንደሚችል፣ ከዚያ ግን ወደ ራሱ የሚመለስበት ቦታ እንደሚያስፈልገው ያስተምራል። እኔ የምስማማው ሁለቱን አንድ ላይ ሲወሰዱ ነው። አንዳንዴ ወጣ በዪ። በየቀኑ ግን አይሁን። እንደ ጓደኛሽ በየቀኑ ካሜራ ፊት ልቁም ብትዪ በወሩ ትታክቺና ጭራሽ ትተዪዋለሽ፤ ከዚያ እህትሽ ያለችው እውነት ይመስልሻል።

ቴሌግራም ላይ የራስሽን ትንሽ ቻናል መክፈት ትችያለሽ፤ ኮሜንቱን ብትዘጊውም ማንም አይከለክልሽም። በሳምንት አንድ አጭር ጽሑፍ ይበቃል። መስኮትሽ ላይ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቅሽን ሰብስቢ፤ ርዕስ አታጪም። በጽሑፍ ካልሆነልሽ በድምፅ ቅጂው፤ ፊትሽ አይታይም። በ2005 እ.ኤ.አ. ሞሊ ዋስኮና ሳመር ፋራጅ አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት የሚገናኙ የሕግ ባለሙያዎችን አጥንተው ነበር። ይበልጥ የሚያካፍሉት በሙያው የቆዩት፣ ከሌሎቹ ጋር ትስስር ያላቸውና ማካፈላቸው በሙያቸው መልካም ስም እንደሚያስገኝላቸው የሚያምኑት ነበሩ። ብድሩ ይመለስልኛል ብሎ መጠበቅ ግን ቁም ነገር አልነበረም። ከማያውቁሽ ሺህ ሰዎች ይልቅ ከሚያውቁሽ ሠላሳ ሰዎች መጀመርሽ ያዋጣሻል የምልሽ ለዚህ ነው። ሰው ቢያከብርሽ ደስ ቢልሽም አትፈሪ፤ ጥሩ ስም መፈለግ ኃጢአት አይደለም።

ስለ ጓደኛሽ ጥቂት ልበል። ደብዳቤሽ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ፣ ትንሽም ቅናት ይሸተኛል፤ ሁለቱም የሰው ነው። እሷ ድፍረት አላት፣ አንቺ ጥንቃቄ አለሽ። ስሕተቷን ኮሜንት ላይ አትጻፊባት፤ ደውይላትና ንገሪያት። አብራችሁ ነው የተማራችሁት፣ ካንቺ ብትሰማው አይከብዳትም። ከዚያ አንድ ሐሳብ አቅርቢላት፦ አንቺ ጽፈሽ አረጋግጠሽ ትሰጫታለሽ፣ እሷ ትናገረዋለች። ብዙ ተከታይ ያለው ሰው በየቀኑ አዲስ ነገር ማግኘት ይቸግረዋል፤ ደስ ሊላት ይችላል። ስምሽ ይጠራ ወይስ አይጠራ የሚለውን ግን መጀመሪያውኑ ተነጋገሩ። «ግድ የለኝም» ብለሽ ጀምረሽ በኋላ ቅር እንዳይልሽ።

እምቢ ካለችሽ ብቻሽን ጀምሪ። የመጀመሪያውን የኦ አር ኤሱን አድርጊው፤ ጽሑፉ ከላይ አለልሽ። ስሕተቱ የተጻፈው እዚያው የወላጆች ግሩፕ ላይ ስለሆነ እዚያው ለጥፊው። «በቀደም የተነሳ ጥያቄ ነበር» ብለሽ ጀምሪው፤ የማንንም ስም አታንሺ። ሰው በብዛት ስልኩን የሚያየው ማታ ነውና ልጆች ከተኙ በኋላ ላኪው። ከላክሽ በኋላ ኖቲፊኬሽኑን ዝጊና ተኚ። ጥያቄ ከመጣ ጠዋት ሻይ እየጠጣሽ ትመልሺዋለሽ።